የእናቱ እርካብ

አንድ ጊዜ፣ ፈረስ ከባለቤቱ ይበልጥ አምሮ በሚወጣበት የበዓል ቀን፣ የአንድ አገር ሰዎች ለጉግስ ሰፊ መስክ ላይ ተሰበሰቡ። ጉግስን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ የምታውቁም ታገሱኝ፣ መዘዙ ሁሉ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን በጋሻው ጀርባውን እየመከተ ይሸሻል፤ ሌላው ዘንግ እየወረወረ ያሳድደዋል። ሸሺው መስኩ ዳር ሲደርስ ይዞራል፤ ያን ጊዜ አሳዳጅ የነበረው ተራውን ይሸሻል። ሰው ይስቃል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ጨዋታ መሆኑን ለፈረሱ የነገረው ግን የለም። ፈረስ የሚያውቀው ከኋላው ኮቴና እርካብ ሲሰማ መሮጥን ብቻ ነው። የት ላይ መዞር እንዳለበት የሚያውቀው ከላዩ የተቀመጠው ሰውዬ ነው።

በዚያ መስክ ዳማ የምትባል ባዝራ ነበረች። ሰባት ዓመት ሙሉ ጉግስ ተጫውታ አንድም ቀን አልተደረሰባትም። ልጇ ቦራ ደግሞ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ አራት ዓመት የሞላው ድንጉላ ነበር፤ ኮርቻ ለብሶ ጉግስ ሲወጣ ያ የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ጨዋታው እስኪጀመር ሁለቱም ከመስኩ ዳር ታስረው ገብስ ይበሉ ነበር። ቦራ ግን ገብሱ አልወርድ አለው።

«እማ፣ ከኋላዬ ሲመጡብኝ ምን ላድርግ?» አላት።

«ሩጥ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከላይህ ያለው ሰው ያዞርሃል።»

«ሰውየው ባያዞረኝስ?»

ዳማ ሳቀች። በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምታ አታውቅም። «ሞኝ! ሰው ከላይ ካልተቀመጠ ጉግስ ምኑን ጉግስ ሆነ? አንተ ብቻ ኮቴ ስትሰማ ሩጥ። እርካብ ስትሰማ ደግሞ ይበልጥ ሩጥ» ብላ አንገቱን በአንገቷ አሸችው። ስትወደው ለጉድ ነበር።

ከአጠገባቸው ለፈረሶቹ ጭድ ተጭኖ የመጣ አመዶ የሚባል ሽማግሌ አህያ ቆሞ ነበር። አመዶ ሰው ሲያወራ ጣልቃ መግባት አይወድም፤ ፈረስ ሲያወራማ ጨርሶ አይደፍርም። ያን ቀን ግን አልቻለም።

«እመቤት ዳማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መቆምንም ቢያስተምሩት ምን ይመስልዎታል?» አለ።

ዳማ ከላይ እስከ ታች አየችው። «መቆም ያንተ ሙያ ነው። አህያ ቆሞ ዱላ ይበላል፣ ፈረስ ሮጦ ገብስ ይበላል። ልጄን የትኛውን ላስተምረው?»

አመዶ ጆሮውን ጣለ። ያለችው እውነት ነው።

ጉግሱ ተጀመረ። ቦራን የጋለበው ይግዛው የሚባል ጎልማሳ ሲሆን፣ ዳማን የጋለበው ጌታዋ ሽባባው ነው። በዕጣ ተለያይተው ይግዛው ከሸሺዎቹ፣ ሽባባው ከአሳዳጆቹ ወገን ሆነ። እናት ልጇን ልታሳድድ ነው ማለት ነው። ዳማ ግን አልከፋትም፤ እንዲያውም «አሯሯጡን ከኋላ ሆኜ አየዋለሁ» ብላ ደስ አላት።

ቦራ እንደ ተማረው ሮጠ። ሽባባው ዘንጉን ወረወረ። ዘንጉ ጋሻውን ስቶ ቦራን ከጆሮው ሥር መታው። ቦራ ይህን አልተማረም። በሁለት እግሩ ቆመ፣ ዘለለ፣ ይግዛው ከኮርቻው ላይ ተስፈንጥሮ ከዳማ ፊት ወደቀ። ዳማ ሰውየውን እንዳትረግጠው በአንድ ጎኗ ታጠፈች፤ ሽባባውም በአንገቷ ላይ አልፎ መሬት ተመታ። ሁለት ሰዎች ወደቁ፣ ሁለት ፈረሶች ባዷቸውን ቀሩ። የይግዛው ጭን ሲሰበር የተሰማው ድምፅ እልልታውን አቋረጠው።

ቦራ ፈረጠጠ። ከላዩ ሰው የለም፤ ባዶዎቹ እርካቦች ግን ግራና ቀኝ ጎኑን ይደበድቡት ጀመር። በሮጠ ቁጥር ይመቱታል፣ በመቱት ቁጥር ይሮጣል። መስኩን ጨርሶ ወጣ።

ፈረሰኞቹ ሊከተሉት የልጓም ዛባቸውን ሲስቡ፣ የፈረሶቹ ኃላፊ የነበሩት ሽማግሌ ባልደራስ ከዘራቸውን አነሡ። «አንድም ሰው እንዳይነቃነቅ! የፈረጠጠ ፈረስ የሚያባርረው ካጣ ራሱ ይቆማል። ማታ ገብሱን ፈልጎ ይመጣል። እናንተ የወደቁትን አንሡ!»

ፈረሰኞቹ አጉረመረሙ፤ የሽማግሌ ቃል ነውና ግን ቆሙ። ሁሉም ቆመ። ልጇ ብቻውን ሲሄድ ያየችው ዳማ አልቆመችም።

ከመስኩ ማዶ ረግረጋማ ጨፌ አለ። ከጨፌው ማዶ ደግሞ ሰዎች ጉሮሮ የሚሉት ገደል አለ፤ አፋፉን ረጅም ሣር ስለሚሸፍነው እላዩ ላይ እስኪደርሱ ድረስ አይታይም። በጨፌውና በገደሉ መካከል ካለች ጉብታ ላይ አንዲት ቀበሮ ተቀምጣ የሆነውን ሁሉ ታይ ነበር። ጥቂት ካየች በኋላ ወደ ቁጥቋጦው ገባችና የተኛውን ጅብ በአፍንጫዋ ነካችው።

«አያ ጅቦ፣ ተነሣ። ሥጋ ኮርቻ ለብሶ እየመጣ ነው።»

ጅቡ ዓይኑን ሳይገልጥ ምራቁን ዋጠ። «ስንት እግር አለው?»

«ስምንት። ሁለት ፈረሶች ናቸው። ጌቶቻቸው ወድቀዋል።»

ጅቡ ዘሎ ተነሣ። «እንከተላቸዋ!»

«ተቀመጥ! ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ሲሉ አልሰማህም? ብትከተላቸው ሰው ያይሃል። ብትደርስባቸው በእርግጫ ጥርስህን ያራግፉልሃል። አንተ ውረድና ከጉሮሮ ገደል ሥር ተኛ። ሌላ ሥራ የለብህም።»

«ታዲያ ማን ያባርርልናል?»

«እናቱ።»

ጅቡ ግራ ገባው። ብዙ አሰበና «እናቱም ትበላዋለች እንዴ?» አለ።

«አትበላውም፤ ትወደዋለች። እይ እስቲ! እሱ ደክሞት ሲቆም እሷ ልትደርስበት ትሮጣለች። እሷ ስትሮጥ እርካቧ ይጮሃል። እርካብ ሲጮህ እሱ ይሸሻል። ወዴት ይሸሻል? ወደ አንተ።»

«ቂል ናት እንዴ?»

«ቂልስ አይደለችም፤ እናት ናት» አለች ቀበሮ።

ጅቡ ልዩነቱ ምን እንደሆነ ለማሰብ ሞከረ። ሲያስብ ራቡ ስለሚብስበት ግን ማሰቡን ተወና ወደ ገደሉ ሥር ወረደ።

ቦራ ጨፌው ላይ ሲደርስ ውሃው እግሩን ያዘውና ቀስ አለ። ቀስ ሲል ጎኑን የሚደበድበውም ነገር ቀስ አለ። ቆመ፤ ነገሩም ቆመ። ቦራ ገረመው። አንገቱን አቀርቅሮ ሁለት ጉንጭ ውሃ ጠጣ። እስትንፋሱ ወደ ቦታው ሊመለስ ሲል ከኋላው ኮቴ ተሰማ፤ ከኮቴው ጋር ደግሞ የእርካብ ድምፅ መጣ።

«ልጄ! እኔ ነኝ! ቁም!» እያለች ዳማ አሽካካች። ነገር ግን በአፏ ውስጥ ብረት አለ፣ በጆሮዋ ነፋስ ያፏጫል፣ ድምፅዋም የእሷ አይመስልም። ቦራ እናቱ ጠዋት ያስተማረችውን አደረገ። ኮቴ ሰማ፣ ሮጠ። እርካብ ሰማ፣ ይበልጥ ሮጠ።

እንዲህ እየሆኑ ጨፌውን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ሦስት ጊዜ ቦራ ቆመ፤ ሦስት ጊዜ እናቱ ደርሳ አስነሣችው። በእያንዳንዱ ዙር ወደ ጉሮሮ ገደል ትንሽ ትንሽ ይጠጉ ነበር።

አመዶ በዚህ መካከል ጭዱን አራግፎ ባዶ ጀርባውን ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። መንገዱን ስለሚያውቀው ነጂ አያስፈልገውም። ጨፌው ላይ ሲደርስ የሚሆነውን አየና ከመንገዱ ወጥቶ ከዳማ ፊት ተገተረ።

«እመቤት ዳማ፣ ስለ ፈጣሪ ይቁሙ!»

«ዞር በል! ልጄ ሊያመልጠኝ ነው!»

«የሚያመልጠው ከእርስዎ ነው። ሦስት ጊዜ ቆሞ ነበር፤ ሦስቴም ያስነሡት እርስዎ ነዎት። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዳማ መሬቱን በእግሯ ጠበጠበች። ጎኗ አረፋ ደፍቆ ነበር። «እኔ? እኔ እናቱ?»

«እሱ የሚሰማው እርካብ ነው፤ እናቱ መሆንዎን በምን ይወቅ? ባልደራሱ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። የሚያባርረው ካጣ ራሱ ይቆማል ብለዋል። እኔም በጀርባዬ የማውቀው ነገር ነው። አንድ ጊዜ ጭነቴ ተንሸራቶ ከሆዴ ሥር ሲንኳኳ ጅብ የያዘኝ መስሎኝ ግማሽ ቀን ሮጫለሁ። ደክሞኝ ብቆም ጅቡም አብሮኝ ቆመ። ዞሬ ባየው የውሃ ቅል ነው።»

ዳማ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅበት ነበር። አሁን ግን ቆመች። እርካቦቿ ሁለት ሦስት ጊዜ ተወዛውዘው ዝም አሉ። ከጨፌው ማዶ ቦራ ሩጫውን ቀነሰ፣ ሶምሶማ አለ፣ ከዚያ ቆመ። ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አዞረ። ምንም አልሰማም።

«አዩት?» አለ አመዶ በሹክሹክታ። «አሁን እንዳይንቀሳቀሱ። ይመጣል።»

ይመጣም ነበር። ይህን የምላችሁ ልባችሁን ላደርቅ ብዬ አይደለም፤ እውነቱ እንዲህ ስለሆነ ነው።

ቀበሮዋ ከጉብታዋ ላይ ይህን ስታይ ከሣሩ ውስጥ ለውስጥ ደርሳ ከዳማ ጎን ብቅ አለች። ዓይኗ እንባ ያዘለ ይመስላል።

«እህቴ፣ እንዲህ ቆመሽ ታወሪያለሽ? እኔም የወለድኩ ነኝና ዝም ማለት አቃተኝ። ልጅሽ ከቆመበት ሣር ማዶ ጉሮሮ ገደል ነው። ከገደሉ ሥር ደግሞ ጅብ ተኝቶ ይጠብቃል።»

ዳማ ወደ አመዶ ዞረች። «እውነት ነው?»

አመዶ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አነሣ። የጅብ ሽታ መጣበት። ያን ጊዜ ቢዋሽ መልካም ነበር። አመዶ ግን በዕድሜው ያልተጫነው ነገር ቢኖር ውሸት ብቻ ነው።

«እውነት ነው። ገደልም አለ፣ ጅብም አለ። ይቁሙ የምለው ለዚህ ነው።»

«ሰማሽ?» አለች ቀበሮ። «ገደል አለ ይልሻል፣ ጅብ አለ ይልሻል፣ ደግሞ ቁሚ ይልሻል! ልጁ የገዛ ልጁ ቢሆን ይቆም ነበር? የትኛዋ እናት ናት ልጇ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እያየች እግሯን ሰብስባ የምትቀመጥ?»

ልብ በሉ፣ ቀበሮዋ አንዲትም ውሸት አልተናገረችም። እኔ ቀበሮን የምጠላት በውሸቷ አይደለም፤ እንደዚህ ባለው እውነቷ ነው።

«ጥቂት ይታገሡ» አለ አመዶ። «ጆሮውን ይዩት። ወደ እኛ አዙሯል። እያዳመጠ ነው። እባክዎ እመቤቴ፣ አንዴ እስትንፋስዎን ያዝ ያድርጉት።»

ዳማ ያዝ አደረገችው። ምን ያህል እንደታገለች የሚያውቀው እግሯ ብቻ ነው፤ አራቱም እግሮቿ ይርገፈገፉ ነበር። ቦራም በሩቁ አንገቱን ዝቅ አደረገና ሣር መጋጥ ጀመረ። ተርቧል፤ ጠዋት ገብሱን አልበላም። ቀጥሎ ያለው ሣር ይበልጥ የለመለመ ነበርና አንዲት እርምጃ ወደ ፊት ተራመደ።

ያቺን እርምጃ የተራመደው ለሣሩ ነበር። እናቱ ያየችው ግን ወደ ገደሉ ሲራመድ ነው።

«ልጄን!» ብላ አመዶን በደረቷ ገፍታ ጣለችውና በረረች። ሰባት ዓመት ማንም ያልደረሰባት ባዝራ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ሮጣ አታውቅም። እርካቦቿ ጎኗን ይጠበጥባሉ። ቀበሮዋ ከኋላ እየተከተለች «በርቺ እህቴ! ደረስሽበት!» ትላለች።

ቦራ ከሣሩ ቀና አለ። ያ ድምፅ እንደገና መጣ፤ አሁን ደግሞ ከቀድሞው ሁሉ ፈጥኗል። ሮጠ። ሣሩን ሰንጥቆ አፋፉ ላይ ሲደርስ ከታች ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቱን መታውና በደመ ነፍስ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ። ከፊት እግሮቹ ሥር ጠጠር ተንከባልሎ ወደቀ።

ቆሟል። ራሱን በራሱ አቁሟል። ዳማ ይህን ስታይ «ቆመልኝ! አሁን እይዘዋለሁ!» አለችና ያላትን ጉልበት ሁሉ ጨመረች።

ቦራ ከኋላው የሚመጣውን ሰማ። የመስኩ ዳር እንደሆነ፣ መዞሪያው እዚህ እንደሆነ ገባው። በጉግስ እንደሚደረገው ከላዩ ያለው ሰው ዛቡን እስኪስብለት ጠበቀ። አንድ ጊዜ ጠበቀ። ዛቡ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል፣ የሚስበው የለም። እርካቡ ደረሰበት። ቦራ እርካብ ሲሰማ ይበልጥ መሮጥ ነው የተማረው፤ ከፊቱ ደግሞ አየር ብቻ ነበር።

ዳማ አፋፉ ላይ ስትደርስ ልጇ አልነበረም።

ቆመች። እርካቦቿ አንድ ሁለት ጊዜ ተወዛወዙና ዝም አሉ። ያን ጊዜ ነው ጠዋት ልጇ የጠየቃት ትዝ ያላት፤ «ሰውየው ባያዞረኝስ?» ብሏት ነበር። መልሱ አሁን መጣላት። የምትነግረው ግን አጣች።

ገደሉ ሥር ያለው ነገር ለመናገር ይቀፋል፤ ግን የጀመርኩትን ልጨርስ። ጅቡ ሥራ አልፈታም። ቀበሮዋ በጎን በኩል ዞራ በቀጭኗ መንገድ ስትወርድ ሥጋውን ጨርሶ አጥንቱን ይቆረጥም ነበር።

«አያ ጅቦ፣ የኔን ድርሻ የት አኖርከው?» አለች።

«ታገሺ» አለ ጅቡ አፉ ሞልቶ።

«ምን ማለትህ ነው? ዘዴው የኔ አይደል እንዴ?»

«ያንቺ ነው እንጂ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? እኔ አልቸኩልም። አንቺም አትቸኩይ።»

አጥንቱን ጨረሰ። የኮርቻውን ቆዳ በላ። የእርካቡን ጠፍር በላ። ጎህ ሳይቀድ ምን ተረፈ ብላ ብትፈልግ ያገኘችው ልጓሙን ነው። ብረቱን ላሰችው፤ የቦራ አፍ አረፋ ገና አልደረቀበትም ነበር። ቀበሮ የዚያን ቀን ያተረፈችው ይህንኑ ነው። ግን ይህ ለዳማ ምኗ ነው? ጠላት ስለተራበ የሞተ ልጅ አይነሣም።

አመዶ እያነከሰ አፋፉ ላይ የደረሰው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። ዳማ ስትገፋው አንድ ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር። ከታች የሚመጣውን ድምፅ ሁለቱም ሰሙት፤ የአጥንት ድምፅ ነው። ለአህያ ከዚያ የሚከፋ ድምፅ የለም፣ ግን አልሸሸም። «ብዬዎት አልነበረም» አላለም። ብልህ የሚባለው ሁሉ ከሚናገራት ከዚያች ቃል አፉን ጠብቆ፣ የዳማን ዛብ በጥርሱ ያዘና ቀስ ብሎ ወደ መንደር መራት።

መንደሩ ሲደርሱ ሰዎች ዳማን አይተው ደስ አላቸው። «ባልደራሱ እውነታቸውን ነው፣ ማታ ተመለሰች» አሉ። ይግዛው ተሸክመው ካስገቡት አልጋ ላይ ሆኖ «ቦራስ?» ብሎ ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን አንድ ማር ቆራጭ ልጓሙን ከገደል ሥር አምጥቶ ሰጠው። ይግዛው ልጓሙን አገላብጦ አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዓመት ዞሮ ሌላ የጉግስ ቀን መጣ። ሽባባው ድኖ ዳማን ቢያወጣት፣ ከኋላዋ ኮቴ ሲሰማ መሮጡን ትታ ቆመች። ጅራፍ አነሣባት፣ ቆመች። እርካቡን ወደ ሆዷ ቢጨምቀው ጭራሽ ተንቀጠቀጠች። ሰው ሳቀ። «ያች የታወቀች ዳማ አህያ ሆነች!» አሉ። ሽባባው አፍሮ ኮርቻውን አወረደና በማግሥቱ ጭነት አስጫናት። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ከአመዶ ጎን ጭድ ማመላለስ ሆነ።

በመጀመሪያው ቀን አመዶ «እመቤት ዳማ፣ ከበደዎት?» ብሎ ጠየቃት።

«አንቱታውን ተወው፣ ወንድሜ» አለችው።

በሦስተኛው ዓመት ሽማግሌው ባልደራስ ሞቱ። በዚያው ዓመት ጉግስ ላይ አምባላይ የሚባል ነጭ ፈረስ ጌታውን ጥሎ ፈረጠጠ። ከዘራ አንሥቶ «እንዳትነቃነቁ» የሚል አልነበረምና፣ አምስት ፈረሰኞች «ያዘው! ያዘው!» እያሉ ተከተሉት። አምባላይ መስኩን ጨርሶ ወደ ጨፌው፣ ወደ ጉሮሮ ገደል አቅጣጫ መጣ።

ዳማና አመዶ ጭድ ተጭነው ወደ ጨፌው በሚያስገባው ጠባብ መንገድ ላይ ነበሩ። መንገዱ ግራና ቀኙ ፈረስ የማይዘለው ድንጋይ ካብ ነው። አምባላይ ዓይኑ ፈጦ፣ እርካቡ ጎኑን እየደበደበው ደረሰ። ዳማ ወደ ካቡ ተጠጋችና አሳለፈችው። ካለፈ በኋላ ግን ወደ መንገዱ መሐል ተመልሳ በወርዱ ቆመች። ጭነቷ ከካብ እስከ ካብ ሞላ።

አመዶ የምታደርገው ገባው። «ዳማ፣ ዱላው ይበዛብሻል» አላት።

«ይብዛ። እኔ ከዱላ የባሰ ሰምቻለሁ።»

አመዶ ከጎኗ ቆመ። ፈረሰኞቹ ደረሱ። «ዞር በይ! ሂድ! ሂጂ!» አሉ። መቷት። በዘንግ፣ በጅራፍ፣ በእርግጫ መቷት። ጆሮዋ ደማ። አመዶንም መቱት፤ እሱስ ለምዶታል። አንዱ ወርዶ ከአንገቷ ጎተታት፤ እግሯን ተክላ አልነቃነቅ አለች። ፈረስ ሮጦ ገብስ ይበላል ያለችው ዳማ የቆመ አህያ የሚበላውን ዱላ ጠግባ በላች።

ከጨፌው ማዶ አምባላይ ጆሮውን ወደ ኋላ አዞረ። ጩኸት በሩቁ አለ፤ ከኋላው የሚቀርብ ኮቴ ግን የለም። ሩጫውን ቀነሰ፣ ቆመ። እርካቦቹ ዝም አሉ። ረጅሙ ሣር ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ውሃውን ጠጣ፣ ሣር ጋጠ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ዞሮ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ሲያልፍ ዳማን አላያትም። ባለቤቱ አንገቱን አቅፎ ስሞ «የኔ ጎበዝ፣ ራሱ ተመለሰ!» አለ።

ዳማን ያመሰገናት የለም። «ከልጇ ሞት ወዲህ ያቺ ባዝራ ጤናም የላት» ተባባሉና ሄዱ። እሷ ግን የተበተነው ጭድ መሐል ቆማ፣ ነጩ ፈረስ መንደሩ በር ውስጥ እስኪገባ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

ከዚህ የምንማረው ፈርቶ የሚሸሸውን ልጅ የሚያድነው ከኋላው የሚሮጥለት ሁሉ ሳይሆን፣ ልቡ እየበረረ እግሩን ማቆም የሚችል ወዳጅ መሆኑን ነው።